የድሪል ፑንታዎቼና ዓይኑ ዐ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማወራችሁ ስለ ድሪል ነው። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ትዳር ያለው፣ በመዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው በአደባባይ ስለ ድሪል ሲያወራ እንደማያምር አውቃለሁ። ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሆኖም ጉዳዩ በጎረቤት አፍ ተዛብቶ ከሚደርሳችሁ፣ ከባለጉዳዩ በቅደም ተከተል ቢደርሳችሁ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። በቅደም ተከተል አምናለሁ። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከደረጃ ነው። ቤታችን መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው። ድንጋይ ቤት ነው፤ መቼም እዚህ ከተማ ድንጋይ ያልሆነ ቤት መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከግቢው በር ገብታችሁ በረንዳው ላይ ለመድረስ ስድስት ደረጃ ትወጣላችሁ። በአንድ በኩል ግድግዳ አለ። በሌላው በኩል አየር አለ። ለእኔና ለባለቤቴ ለለምለም ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ችግር የሆነው ለአደይ አልጋነሽ ነው።

አደይ አልጋነሽ የለምለም እናት ናቸው። አደይ ማለት እዚህ እማማ እንደማለት ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከመቀሌ አጠገብ ኲሓ ላይ አንደኛ ክፍል ፊደል ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዛሬም ኲሓ ውስጥ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ሲያያቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲጋራ ይዞ ከነበረም ይውጠዋል ይባላል። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ዳኑ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በምርኩዝ ይሄዳሉ። አብሯቸው ይኖር የነበረው የለምለም ወንድም ግን ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እናም ብቻቸውን ሊቀሩ ሆነ።

ለምለም እኛ ጋ እንዲገቡ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ስልክ ዘጋች፣ መልሳ ደወለች። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የምይዘው ነገር ካለ እወጣለሁ፣ እንደ ጆንያ ተሸክሞ የሚያወጣኝ ሰው አልፈልግም አሉ። እሑድ መጥቼ አያለሁ፤ ድጋፍ ካለ እቀመጣለሁ፣ ከሌለ በመጣሁበት ባጃጅ እመለሳለሁ አሉ። ያሉትን የሚያደርጉ ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ ያስተማሩትን ማንኛውንም ሰው መጠየቅ ይቻላል።

ለመሆኑ ግድግዳ ላይ ድጋፍ መትከል ምን ከባድ ነገር አለው? ጎረቤታችን ሀፍቶም በያጅ ነው። ከቱቦ ጥሩ ድጋፍ ሠራልኝ፤ ሦስት እግር አለው፣ በእያንዳንዱ እግር ሁለት ብሎን ይገባል። ሲጨርስ "ኣያ ደምሴ፣ እኔው ልትከለው?" አለኝ፤ ኣያ እዚህ ጋሼ እንደማለት ነው። የለም፣ እኔ ራሴ እተክለዋለሁ አልኩት። ሀፍቶም እጄን አየ።

የእጄ ነገር የቆየ ታሪክ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መቀሌ የመጣሁ ሰሞን ለምለምን ወደድኩና ሽማግሌ ላክሁ። ከሁሉም ነገር በኋላ አደይ አልጋነሽ አስጠሩኝ። ዘሬን አልጠየቁኝም። ደመወዜን አልጠየቁኝም። እጅህን ስጠኝ አሉ። መዳፌን ገልብጠው እንደ ተማሪ ደብተር አዩትና፣ "ይህ እጅ ከወረቀት በቀር የነካው ነገር የለም" አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ሰጡኝ። ምርቃት ይሁን ቅሬታ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የአደይ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግንበኛ ነበሩ። የእሳቸው መዳፍ ሞረድ ነበር ይላሉ። እና እሑድ ሲመጡ ያንን ድጋፍ ይዘው እንዲወጡ፣ ማን ተከለው ሲሉም ለምለም "እሱ ነው" እንድትላቸው ፈለግሁ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ድሪል ልገዛ ሄድኩ።

በእኛ ዘመን ድሪል ገመድ ነበረው። ፑንታውን፣ ማለትም የሚበሳውን ዘንግ፣ በቁልፍ አጥብቃችሁ ታስሩ ነበር፤ ቁልፉም ሁልጊዜ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ባለ ባትሪ ነው። ባለሱቁ አሳየኝ። የድሪሉን አንገት ወደ ኋላ ሳብ፣ ፑንታውን ሰካ፣ ልቀቅ፤ ጠቅ። ደግሞ ሳብ፣ አውጣ፣ ሌላ ሰካ፤ ጠቅ። ቁልፍ የለ፣ ማጥበቅ የለ። "ፈጣን ለውጥ ይባላል" አለኝ።

እኔ ፈጣን ለውጥ ሲባል እደነግጣለሁ። መሥሪያ ቤታችን ስንቴ ፈጣን ለውጥ ተደረገበት። አንድ ኃላፊ ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ሦስት ስብሰባ ይዞርና ጠቅ ብሎ ይወጣል። ሌላው ይገባል። ጭራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ልክክ ይላሉ። የሚለያዩት ጫፋቸው ላይ ነው፤ ጫፋቸው ምን እንደሚበሳ ደግሞ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው።

ፑንታዎቹም እንደዚያው ናቸው። ስድስት ጎን ያለው ጭራ ሁሉም ላይ አለ። የእንጨቱም፣ የብረቱም፣ የድንጋዩም። ባለሱቁ ለምን ሥራ ነው የምትፈልገው አለኝ። ለቤት አልኩት። ቤቱ ከምንድን ነው የተሠራው አለኝ። ከሁሉም አልኩት። ለሁሉም የሚሆን የለም አለና ሃያ አንድ ፑንታ ያለበት ካርቶን አወጣ። ሰባቱ ለእንጨት፣ ሰባቱ ለብረት፣ ሰባቱ ለድንጋይ። ካርቶኑ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ ሥዕል አለ፦ ዛፍ፣ ዘንግ፣ ጡብ። ጫፋቸውን አስተውል አለኝ። አስተዋልኩ። ሃያ አንድ ሹል ነገር አየሁ።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ማደራጀቱ ገባሁ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ልመካ አይደለም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገር ተዘበራርቆ ሲያይ ሆዱን ያመዋል። የሥልጠና ምስክር ወረቀትም አለኝ። ሁሉም ነገር ቦታ ይኑረው፣ ቦታውም ስም ይኑረው ብለው ለአምስት ቀን አሠልጥነውናል። የሥልጠናውን አዳራሽ ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ስለጠፋብን አራት ቀን ነው ልንለው እንችላለን።

የካርቶኑ ሥዕል ተራ ነገር መስሎ ታየኝ። ፊደል ባለበት አገር ዛፍ ስሎ እንጨት ማለት ምንድን ነው? ካርቶኑን ጣልኩት። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣሁ፣ በወፍራም ወረቀት ሦስት ቦታ ከፈልኩት፣ ፑንታዎቹን እንደ ረድፋቸው አስገባሁ። ክፍሎቹ ጠባብ ስለነበሩ ሙሉ ቃል አልያዙም። አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩ። እንጨት፦ እ። ብረት፦ ብ። ድንጋይ፦ ድ። ራቅ ብዬ አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከብዙ ቢሮ የተሻለ አደረጃጀት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ለምለም የእናቷን ልብስ ልትሸክፍ ወደ ኲሓ ሄደች። "ማታ እዚያው አድሬ እሑድ ይዣት እመጣለሁ። ድጋፉን አደራ" አለችኝ። አደራ ስትል ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ። ሌላ ነገር አላለችም። ልትለኝ ይገባ የነበረ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን እሑድ ነው የሰማሁት።

ከደረጃው በፊት እጄን ላፍታታ ብዬ ለአደይ ከተዘጋጀው ክፍል በር ጀርባ የነጠላ መስቀያ ልሰካ አሰብኩ። በሩ እንጨት ነው። ከእ ክፍል አንድ ፑንታ አወጣሁ፣ ሰካሁ፣ ጠቅ አለ። ጀመርኩ። በሩ ጨሰ። ፑንታው ይዞራል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ቀዳዳ ግን የለም። በደረቴ ገፋሁት። በመጨረሻ አይጥ የበላችው የሚመስል ጉድጓድ ተገኘ። የመቀሌ እንጨት ድንጋይ ነው እንዴ አልኩ በልቤ። እዚህ ፀሐዩ ሳያደርቀው አይቀርም ብዬ አለፍኩት።

ወደ ደረጃው ወጣሁ። ድጋፉን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ስድስቱን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ባለሱቁ ለድንጋይ ሲሆን የመዶሻው ሥዕል ላይ አዙረው ብሎኝ ነበር፤ አዞርኩ። ከድ ክፍል አንድ ፑንታ መረጥኩ። ጫፉ ላይ መርፌ የመሰለች ሹል አለችው። ድንጋይ ለመውጋት መሆን አለበት ብዬ አደነቅኋት። ጠቅ።

የወጣውን ድምፅ በጽሑፍ ማድረስ አልችልም። ሀፍቶም በግንቡ አናት ብቅ አለ።

"ኣያ ደምሴ፣ ምን እያረድክ ነው?"

"እየበሳሁ ነው።"

"በምን?"

"በድ።"

"ድ ምንድን ነው?"

"የውስጥ አሠራር ነው" አልኩት።

መርፌዋ የለችም። ግድግዳው ላይ የጥፍር ጭረት የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ሁለተኛውን ከድ አወጣሁ። ሄደ። ሦስተኛው ቀላ፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ እሳት ውስጥ እንደገባ ምስማር ቀላና ተጣመመ። ግራ ገባኝ። እንጨቱ ድንጋይ ሆነብኝ፣ ድንጋዩ ደግሞ ምን እንደሆነ ስም አጣሁለት። ሀፍቶም ግንቡ ላይ ክርኑን አመቻችቶ ቆሟል።

"ይህ ድንጋይ የሚበሳ ዓይነት አይደለም" አልኩት።

"ኣያ፣ በዚህ ከተማ መጋረጃ የተሰቀለው አየር ላይ ይመስልሃል?"

"ሌላ ዓይነት ድንጋይ ይሆናል።"

"እስቲ ፑንታውን አሳየኝ።"

አላሳየሁትም። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሱ በያጅ ነው፤ መዳፉን አይቼዋለሁ። ሰባተኛው የድ ፑንታ ሲሰበር ባትሪውም አለቀ። ድጋፉን መሬት ላይ አስተኛሁት። ግድግዳው ላይ ስድስት ነጭ ነጥብ ቀረ፤ ራቅ ብሎ ላየው ወፍ ያረፈበት ይመስላል። አመሻሹ ላይ ሀፍቶም ደግሞ ብቅ ብሎ "ልምጣ ወይ?" አለኝ። በሒደት ላይ ነው አልኩት። ለምለም ደወለች። ድጋፉስ አለችኝ። በሒደት ላይ ነው አልኳት። ይህን ቃል መሥሪያ ቤት ለባለጉዳይ ስንለው ኖረናል፤ ተቀባዩን እንዴት እንደሚያሳርፍ አይቻለሁ። ለምለም ግን አላረፈችም። ስልኩን ዘጋችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ። ለምለም ቀድማ ወረደች። አደይ አልጋነሽ ምርኩዛቸውን አስቀደሙ፣ ከዚያ እግራቸውን፣ ከዚያ ራሳቸውን። ነጠላቸው እንደ ደብተር ገጽ ነጭ ነው። ደረጃው ሥር ደርሰው ቆሙ። ግድግዳውን አዩ። መሬት ላይ የተኛውን ቱቦ አዩ። እኔን አዩ።

"ድጋፉ ይህ ነው?"

"አዎ አደይ።"

"ተኝቼ ነው የምይዘው?"

ሀፍቶም ግንቡ ላይ ነበር። ይህ ሰው ሌላ ሥራ እንዳለው እጠራጠራለሁ።

"አደይ፣ ድንጋዩ ነው" አልኩ። "አልበሳም አለኝ።"

"የለምለም አባት ይህን ድንጋይ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርብ ኖረ። አንድ ቀን እምቢ አለኝ ብሎ ከሶት አያውቅም።" ይህን ብለው ወደ ባጃጁ ዞሩ፤ ባለባጃጁንም ወደይ፣ ልጄ እንደማለት፣ አሉት። "በል ወደይ፣ ሻንጣውን አታውርድ። ወደ ኲሓ መልሰኝ።"

ለምለም ፊቷ ተለወጠ። እናቷን እንደማታሸንፍ ታውቃለች። ስለዚህ ወደ እኔ መጣች።

"በየትኛው ፑንታ ነው የበሳኸው?"

"በድንጋዩ ነዋ። በድ።"

"ድ ድብልቅ አይደለም እንዴ?"

ልትለኝ ይገባ የነበረው ነገር ይህ ነበር። ዓርብ ማታ ቤት ስታጸዳ ቆርቆሮው ከቁምሳጥን ላይ ወድቆ ሃያ አንዱም ፑንታ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሷ የግንበኛ ልጅ ናት፤ የድንጋዩን ፑንታ ጫፉን አይታ ትለየዋለች፣ ሰፋ ያለ የቀስት ራስ ነው የሚመስለው። ሁሉንም ለቅማ እኔ እንደጻፍኩት በየቦታው መለሰችው። እ የሚል አገኘች፤ እምኒ አለች፣ ድንጋይ በትግርኛ እምኒ ነው። የድንጋዩን እዚያ ከተተች። ብ የሚለው ላይ የብረቱን። የቀረው የእንጨቱ ነው፣ የቀረው ፊደልም ድ ነው። ድብልቅ መሆን አለበት ብላ እዚያ ከተተችው። ባሌ ጠንቃቃ ነው፣ ነገሩም ግልጽ ነው ብላ አልነገረችኝም።

"እ እኮ እንጨት ነው" አልኳት።

"እንጨትማ በዕ ነው፤ በትግርኛ ዕንጨይቲ።"

"እኮ፣ በእ።"

"በእ አይደለም፣ በዕ ነው።"

"እሱኑ ነው የምልሽ፣ በእ።"

ባለባጃጁ አንገቱን አወጣና ሊረዳኝ ሞከረ። "ጋሼ፣ እሷ የምትለው ዕ ነው፣ አንተ የምትለው እ ነው" አለኝ በትሕትና። ሀፍቶምም ከግንቡ ላይ ሁለቱን አከታትሎ ጠራልኝ። ሦስት ሰው ከሦስት አቅጣጫ አንድ ፊደል ይጮህብኛል፤ እኔ የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። በወረቀትማ አውቃቸዋለሁ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ ብዬ ነው ያደግሁት። እኛ ጋ ግን ሁለቱ በድምፅ መንታ ናቸው፤ የወለደቻቸውም አትለያቸውም። እዚህ በትግርኛ ግን ድምፃቸውም ተለያይቶ፣ የተለያየ አባት ያላቸው ሆነው ተገኙ።

"ቆርቆሮውን አምጣ" አሉ አደይ።

አመጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስቱን ፊደሎች አንድ በአንድ አዩ። ድሮ መዳፌን ያዩበት አስተያየት ነበር።

"ይህን ማን ጻፈ?"

"እኔ ነኝ አደይ።"

"እጅ ጽሑፍህ ጥሩ ነው። ይህ ምንድን ነው?"

"እ።"

"እ ምን?"

"እንጨት።"

"ዕንጨት" አሉ። "ከዚህ ነው የሚወጣው።" ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነኩ። "በል።"

"እንጨት።"

"አልሰማህም" አሉና ጆሮዬን ያዙ።

አማት የአማቿን ጆሮ የምትይዝበት ሥርዓት በእናቴም አገር፣ በዚህም አገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። መሥሪያ ቤት ማኅተም የሚቆለፍበትን ሣጥን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። ጎንበስ አልኩ።

"ዕ" አሉ፣ አንድ ደረጃ ወጥተው።

"እ" አልኩ፣ ተከትዬ።

"ከሆድህ አይደለም፣ ከጉሮሮህ።" ሁለተኛው ደረጃ። ጆሮዬ ጠበቅ አለ። "ግመል ሲያጉረመርም ሰምተህ አታውቅም?"

"ሰምቻለሁ አደይ።"

"እሱ ፊደሉን ያውቀዋል። በል።"

"እ።"

ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ክብደታቸው በሙሉ ጆሮዬ ላይ ዐረፈ። አልተንቀሳቀስኩም። ለምለም ከታች አፏን በእጇ ይዛለች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ጎንበስ እንዳልኩ መለየት አልቻልኩም። አምስተኛው ላይ ተማሪ እያለሁ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው አሉ። ስድስተኛው ላይ ደግሞ "ዕ" አሉ። እኔም "እ" አልኩ። በረንዳው ላይ ነበርን።

አደይ ዞረው ደረጃውን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ጆሮዬን ሳይለቁ ባለባጃጁን ተጣሩ።

"በል ወደይ፣ ሻንጣውን አውርደው። እዚህ ተማሪ አለኝ።" ከዚያ ለለምለም፣ ነገሩን በስሕተት እንዳትረዳው፣ ጨመሩ። "ቤቴ ኲሓ ነው። ባልሽ ይህችን አንዲት ፊደል እስኪያውቅ እቆያለሁ። ባወቀ ማግስት እሄዳለሁ።"

ሰኞ ከሥራ ወጥቼ ከእ ክፍል አንድ ፑንታ አውጥቼ ግድግዳው ላይ አስጠጋሁ። ያ ድንጋይ ነጭ ዱቄት እያፈሰሰ ተከፈተልኝ። ስድስቱንም በሳሁ፣ ፊሸር፣ ማለትም የፕላስቲክ መሰኪያውን፣ ከተትኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ሀፍቶም መጥቶ ተንጠለጠለበት፤ ንቅንቅ አላለም። አደይ ወጥተው አዩት። በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ለምለም "እሱ ነው የተከለው" አለች፤ እንዳሰብኩት። "ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጆሮዬ ዘረጉ።

ድጋፉን ያዙት እንጂ አደይ፣ ለዚህ እኮ ነው አልኳቸው። "ቱቦ ፊደል አይማርም" አሉ። አሁን ነጠላቸውን ያሰጡበታል።

ቆርቆሮዬንም በቀይ እስክሪብቶ አርመውታል። እ ድንጋይ ሆኖ ጸደቀ። ብ ተሰርዞ ሓ ተጻፈ፣ ሓጺን ለማለት። ብረት በእኛ ቋንቋ ጠመንጃ ነው፣ ይብቃን፣ በብስኩት ቆርቆሮ አታስቀምጥ አሉኝ። ድ ዕ ሆነ፣ ለዕንጨት። ባዶ ነው፤ ሰባቱንም ግድግዳው ላይ ጨርሻቸዋለሁ። ሆኖም ቦታው ስም አለው።

እንግዲህ ጠዋትና ማታ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። በየደረጃው ዕ ይላሉ፣ እ እላለሁ። ዳሌያቸው ከቀድሞው በጣም ተሽሏቸዋል። ለምለም እንቅልፍ ትተኛለች። መሥሪያ ቤት ቀኝ ጆሮህ ለምን ቀላ ሲሉኝ ብርድ ነው እላለሁ። መቀሌ ጆሮ የሚያቀላ ብርድ እንደሌላት ስለሚያውቁ ግራ ይጋባሉ፤ በዚህ ከእኔ ጋር ተመሳስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ይቅርታ የጠየቅሁትም ለዚህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት መዝገብ ቤት ውስጥ ብቻዬን የድሮ ፋይል ሳራግፍ አቧራ ጉሮሮዬ ገባ። ሳልኩ። ከሳሉ ጋር አንድ ነገር ወጣ። ቆም አልኩ። በዝግታ ደገምኩት። ዕ። ዕንጨት። ዕንጨይቲ። ዓይኑ ዐ ራሱ ነበር፤ ባለባጃጁ እንኳ ቢሰማው ያጨበጭብ ነበር። ከሁለቱ መንታ አንዱ በዚህ ዕድሜዬ አባቱን አገኘ። ማኅተሙን ቆልፌ እየሮጥኩ ቤቴ ሄድኩ።

አደይ ደረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ምርኩዛቸው በአንድ እጅ፣ ሌላው እጃቸው ወደ ጆሮዬ ተዘርግቷል። ነጠላቸው ድጋፉ ላይ ተሰጥቷል። በመስኮቱ ለምለም ትታየኛለች።

"በል ወደይ" አሉ። "ዕ።"

አየኋቸው።

"እ" አልኩ።

እሳቸውም አዩኝ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሚያውቅና የማያውቅ ተማሪ ስትለይ የኖረች ናት። ጆሮዬን ያዙት፤ ያን ዕለት ግን እንደ ወትሮው አልቆነጠጡኝም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ወጣን።

እና የምለምናችሁ ይህንን ነው። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ እዚሁ ተዉት። ለሀፍቶም እንዳትነግሩት፤ ግንቡ ላይ ሆኖ ያወራዋል። ኲሓ የምትሄዱ ደግሞ ከሁሉም በላይ አፋችሁን ያዙ፤ እዚያ ሁሉም ሰው የእሳቸው ተማሪ ነው። ምናልባት አደይ ራሳቸው አግኝተዋችሁ፣ ያ አማቼ ፊደሏን አወቃት ወይ ብለው ቢጠይቋችሁ፣ በሒደት ላይ ነው በሏቸው።